በቀሐ በኩል ያሉት ቀዳዳዎች

ቁጭ ብሎ መዋል የማይሆንልኝ ሴት ነኝ። ሲከፋኝ እዞራለሁ፤ ደስ ሲለኝም እዞራለሁ። ባሌ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ የቤታችንን የሣር ክዳን በቆርቆሮ ለመቀየር መቁረጡን የነገረኝ ዕለትም፣ ሆዴ ወደ ፊት ገፍቶ እያለ፣ ብድግ ብዬ ግቢውን መዞር ጀመርኩ። እሱ መደቡ ላይ ተቀምጦ እልል እስክል ይጠብቃል። እኔ በጓሮ ዞሬ መጣሁና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አጥብቃ የምትመታው የትኛውን ግድግዳ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቆርቆሮ አመጣሁልሽ ስትባል ስለ ፀሐይ የምትጠይቅ ሴት አይቶ እንደማያውቅ ለእናቱ ነገራቸው። እናቱ፣ እሜቴ ወለተሩፋኤል፣ እርጉዝ ሴት የማትለው የለም አሉና አለፉት።

ያን ጊዜ ጣልያን ከጎንደር ከወጣ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለው ሰፈራችን ሣሩን እየጣለ ቆርቆሮ መልበስ ጀምሯል። ምክንያትም ነበረው። ባለፈው በጋ የጎረቤታችን ቤት ከነእህሉ ሲቃጠል ፍንጣሪው እኛ ክዳን ላይ እያረፈ፣ በእርጥብ ጆንያ እየመታን ነው ያዳንነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ እሜቴ ወለተሩፋኤል ገንቦና ድስት ይዘው ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ሲሉ ይውላሉ። ስለዚህ ኃይለ ጊዮርጊስን ቆርቆሮ አማረው ብዬ አልወቅሰውም። ቆርቆሮው ከአዘዞ በማኪና መጥቶ ግቢያችን ውስጥ እየተንኳኳ ሲራገፍ ግን እኔ የታየኝ ዛሪማ ነው።

ዛሪማ ከስሜን ተራሮች ማዶ፣ ሊማሊሞን ወርደው የሚያገኟት የመንገድ ከተማ ናት። ኃይለ ጊዮርጊስ ቅስና እንደተቀበለ እዚያ ላለች ቤተ ክርስቲያን ካህን ጠፍቶ ተላከ፤ እኔም ተከትዬው ወረድኩ። የተሰጠን ቤት መንገድ ሠሪዎች ትተውት የሄዱት ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚያ ነው። ሴት ነበረች፤ ወሩም ሚያዝያ። የዛሪማ ሴቶች ደጎች ናቸው፤ አራስ ንፋስ እንዳይመታት ብለው መስኮቱንና ስንጥቁን ሁሉ በጭቃና በጨርቅ ደፈኑልኝ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ ማለት ይጀምራል፤ እኔና ልጄ ከሥሩ እንቀቀላለን። ክርስትና ሳትነሣ፣ ስም ሳይወጣላት ሞተችብኝ። ሁሉም ንፋስ መታት አሉ። ወሬው ጎንደር ሲደርስ እሜቴ ወለተሩፋኤልም ንፋስ ነው አሉ። እኔ ግን ታፍና እንደሞተች አውቃለሁ፤ እቅፌ ውስጥ ነበረች።

ይህንኑ ለኃይለ ጊዮርጊስ አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅቱ ከአፉ ቃል አልወጣም፤ እኔ ላነሣት ስል ዳዊቱን ይገልጣል። ረስቷታል ብዬ ቂም ይዤበት ነበር።

ልጄን ከቀበርን በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ዛሪማን ስዞር አንድ የፍየል በረት አገኘሁ። ድሮ መንገድ ሠሪዎቹ ዕቃ ያስቀምጡበት የነበረ ነው። ላዩ ቆርቆሮ ሆኖ፣ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ሌላ የሸምበቆ ጣሪያ አለው። ግድግዳውም ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ አናቱ ክፍት ነው። በዚያ ቀትር ፍየሎቹ ተኝተው ያመሰኳሉ። ገብቼ ላቤ እስኪደርቅ ቆምኩ። ከዚያ በንዴት አለቀስኩ። ፍየሎቹ ከልጄ የተሻለ ቤት ነበራቸው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛዋን፣ ወይ ሁለተኛውን፣ ይዣለሁ። የምወልደው የካቲት ሲያልቅ ነው። ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ከቤት አልወጣም። መጋቢትና ሚያዝያ፣ ጎንደር ለጎንደር ልጅ እንኳ ስትከብድ፣ እኔና ጨቅላዬ እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነን። ይህን ሳስብ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ።

ለኃይለ ጊዮርጊስ ሐሳቤን ነገርኩት። ቆርቆሮው ይውጣ፤ አወጣጡን ግን እኔ ልናገር። የበሰበሰው ሣር ይነሣና ደህናው ባለበት ይቅር። ቆርቆሮው ከሣሩ በላይ በሌላ ወራጅ ላይ ይቀመጥ፤ በመካከላቸው ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ የፀሐዩ ሙቀት እዚያው ገብቶ እዚያው ይውጣ። በቀሐ በኩል ባለው ግድግዳ ሁለት ቀዳዳ፣ በማዶው ግድግዳ ደግሞ ከክዳኑ ሥር ሌላ ሁለት ይከፈት፤ ከወንዙ የሚመጣው አየር በአንዱ ገብቶ የቤቱን ሙቀት በሌላው ያስወጣ። ለአጥሩ ብሎ ሊቆርጣት ያሰባት ዋንዛ ትቁም፤ ከሰዓት በኋላ ግድግዳውን የምትጋርድልን እሷ ናት። ቆርቆሮው ላይ ኖራ ይቀባ፤ ነጭ ነገር ፀሐይ አይጠጣም። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገርኩት።

ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን አንተ ነው፣ ስንጋባ ሁለታችንም ልጆች ነበርን። ያን ዕለት ብቻችንን ነበርንና እንደሚከራከረኝ ገምቼ ብዙ ክፉ ቃል አዘጋጅቼ ነበር። እሱ እንዳልሽው ይሁን አለኝ። ቶሎ እሺ ማለቱ ራሱ አናደደኝ። ስለ ቀዳዳዎቹ ስናገር ዓይኑን ወደ መሬት እንዳደረገ አይቻለሁ፤ ምን እንዳሰበ ግን አልጠየቅሁትም።

አናጢው አያ ፋንታሁን ሥራው ሸጋ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ሣሩ ይቅር ስለው መዶሻውን አስቀምጦ በደንብ አየኝ። «ምነው እቴ፣ ሣሩ ከቀረ ቆርቆሮው ምን ሊሠራ ነው?» አለ።

«ቆርቆሮው ለዝናቡ፣ ሣሩ ለፀሐዩ» አልኩት።

የቄሱ ሚስት ሣሩን ማፍረስ ሳስታ በላዩ ቆርቆሮ አለበሰችበት ተብሎ የሚወራው በእሱ ሥራ ላይ መሆኑን ነገረኝ። ይወራ አልኩት። በእርግጥም ተወራ። ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ደግሞ ሰፈሩ ለእርግብ ቤት እየሠራች ነው አለ፤ ኖራው ሲቀባ ዱቄት ተደፍቶባቸው ነው ወይ ተባለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ከመሰላሉ ሥር አልጠፋም። ወራጁ ተጠጋ፣ ክፍተቱ ጠበበ፣ ክንዴን አስገብቼ ልይ እያልኩ አያ ፋንታሁንን ነዘነዝኩት። በመጨረሻ ወደ ባሌ ሄዶ፣ ይችን ሴት እስክትወልድ ድረስ ፀዳ አገር ወዳሉት ዘመዶቿ ውሰድልኝና ቤቱን በሳምንት ልጨርስልህ ብሎ ለመነው። ኃይለ ጊዮርጊስ እኔን ከመውሰድ ቤቱን ወደ ፀዳ መውሰድ ይቀላል አለው ይባላል። በዚህ እንኳ ሳልስቅ አልቀረሁም።

ከባዷ እሜቴ ወለተሩፋኤል ነበሩ። እሳቸው ክፉ አማት አይደሉም፤ ከእናቴ ይልቅ እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ ማለት ይቻላል። ንፋስን ግን እንደ አውሬ ይፈሩታል። አራስ ቤት ላይ ቀዳዳ መብሳት ሞትን በስሙ ጠርቶ ማስገባት ነው አሉ። አንዷ ልጅ አልበቃሽም ወይ አሉኝ። ያን ቃል ሲሉኝ ሁለታችንም ደነገጥን፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነከሱ። ጓሮ ሄጄ ዋንዛዋን ተደግፌ ቆየሁ።

በማግስቱ ቀዳዳዎቹን በራሳቸው መንገድ ሊፈትኑ ተነሡ። እኔ የምተኛበት አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ጧፍ አስለኩሰው፣ ጧፉን ሕፃን የሚተኛበት ቦታ ላይ ያዙት። አየሩ በአናታቸው እያለፈ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ አያ ፋንታሁን ጧፉን ተቀብሎ ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋው ነበልባሉ ወደ ውስጥ ጋደል ብሎ ጠፋ። እሜቴ ወለተሩፋኤል ይህንኑ ደግመው ደጋግመው አስሞከሩት። ከአልጋው ሲነሡ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሁለት ሆነን ደገፍናቸው፤ ካለፈው ጥምቀት ወዲህ ደረጃ መውጣት ትተዋል። ንፋሱ ከሰው በላይ ከሄደ ይሂድ፣ ወደ ልጄ ልጅ ከወረደ ግን በድንጋይ አስደፍነዋለሁ አሉ። እሺ አልኳቸው። ኃይለ ጊዮርጊስ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ጧፉ ሲቆም አላየም።

የኖራው ግማሽ ሳይቀባ ምጥ መጣብኝ። ሴት ወለድኩ።

በእኛ ቤት ሥርዓት ክርስትና ሳይነሣ አራስ ቤት የገባ ካህን ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ መቅደስ አይገባም። ስለዚህ ኃይለ ጊዮርጊስ ምኝታውን በግቢው ጥግ ወዳለችው ጎጆ አዛወረ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ከቅዳሴ መልስ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በሩ ሥር ይመጣና ከውጭ ሆኖ ያናግረኛል። ልጁን አላያትም፤ እሷም ድምፁን እንጂ ፊቱን አታውቅም። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ንፋስ አላገኛትም? ይላል። ጠባች ወይ አይልም፤ ምን ትመስላለች አይልም። አላገኛትም እለዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይሄዳል። እኔ መጋረጃው ውስጥ ሆኜ ጥርሴን አፋጫለሁ።

ቤቱ ግን ያሰብኩት ሆኖልኝ ነበር። ሌላው ሰፈር ቀትር ላይ ከቆርቆሮው ሸሽቶ ደጅ ሲቀመጥ፣ እኔ ቤት ለአጥሚቱ የሚነደው እሳት እንኳ አያስጨንቅም። ጭሱ ከፍ ይልና በማዶው ቀዳዳ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ በቀሐ በኩል፣ በዋንዛዋ ቅርንጫፎች መካከል ሾልኮ፣ እንደ ክር የቀጠነ ፀሐይ ማዶ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ያን ክር ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ መንቀሳቀስ የተከለከለች ሴት የሚንቀሳቀስ ነገር ትወዳለች። ልጄ ትጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትነቃለች። እሜቴ ወለተሩፋኤል እንኳ አንድ ቀን ላባቸውን ሳይጠርጉ መዋላቸውን አምነው ተናገሩ።

ከዚያ በአንዱ ቀን መሰላል ግድግዳውን ሲፍቅ ሰማሁ። ማን ነው ብዬ ጮህኩ። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ምስማር ላልቶ ቆርቆሮው ይንኳኳል፣ እሱን እየመታሁ ነው አለኝ። መዶሻ ሰማሁ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ሳይ በነጠላ ብቻ ሆኖ፣ ትከሻውን ሰብስቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የጎንደር ጠዋት በጋም ቢሆን ይቆረጥማል፤ ጋቢህስ አልኩት። ደጀ ሰላም ላይ ለታረዘ ሰው ሰጠሁት አለ። ፈትሉን ራሴ የፈተልኩት፣ ጥለቱን ቀይ አድርጌ ያስመታሁት ጋቢ ነው፤ ቢሆንም ጾም ነው፣ ጽድቅ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም ከዚያ በፊት በልቤ ለተቀየምኩት ሁሉ ትንሽ አፈርኩ።

ሙቀቱ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ወሩ ነው አልኩ። ከዚያ ጭሱ መውጣቱን ትቶ አናታችን ላይ መጋደም ጀመረ። ልጄ አንገቷ ሥር ሽፍ አለች። ጡቴን ትይዝና ትለቃለች፣ ትይዝና ትለቃለች፤ ለቅሶዋ እየቀነሰ እንቅልፏ እየከበደ ሄደ። ያን ዓይነት እንቅልፍ አውቀዋለሁ። ተነሥቼ ከመጋረጃው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መጋረጃው ተመላለስኩ። እሜቴ ወለተሩፋኤል አራስ አይደለሽም ወይ፣ ተኚ እንጂ ይሉኛል። እንዴት ልተኛ? ፍርሃት ነበር የያዘኝ፤ ንዴት አልነበረም። ቤቱን እኔ አቅጄው፣ ክንዴን እያስገባሁ ለክቼው፣ ዛሪማ ተከትላኝ መጣች።

የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጄን ታቅፌ ስመላለስ፣ በእሷ ጭንቀት ስንት ቀን ልብ ብዬ ያላየሁት ማዶ ግድግዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። የፀሐይዋ ክር የለችም። ደመናም የለም። ወደ ላይ አየሁ። ቀዳዳዎቹን አያ ፋንታሁን እርግብ እንዳትገባ ከውስጥ በቀርከሃ ፍርግርግ ሠርቶባቸዋል፤ ከፍርግርጉ በስተጀርባ ብርሃን የነበረበት ቦታ ጨለማ ነው። አራቱም እንዲያው ናቸው።

«እሜቴ፣ ማን ነው የደፈነው?» አልኩ።

እሳቸው ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

በየትኛው ጉልበትዎ ወጡ አልኳቸው።  ልጄን አስታቀፍኳቸውና ጥግ ቆሞ የነበረውን የኃይለ ጊዮርጊስን መቋሚያ አንሥቼ በቀሐ በኩል ያለውን ቀዳዳ መጎርጎር ጀመርኩ። ፍርግርጉ ተሰበረ። ከኋላው ያለው ጨርቅ ጠብቆ ስለተወተፈ አልወጣም፤ ጫፉ ብቻ ወደ ውስጥ ወረደ። ቀይ ጥለት አለው። ማን እንደፈተለው ለማወቅ ሌላ ሰው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ልጄን አትቆጪው» አሉ እሜቴ ወለተሩፋኤል ከኋላዬ። ሲደፍን እንዳዩትና ደስ ብሏቸው ዝም እንዳሉ ነገሩኝ፤ ጧፉን ራሳቸው ይዘው ፈትነውም እንኳ ልባቸው አላረፈም ነበር። ይህን እያሉ እጃቸው የልጄ አንገት ላይ ነበር። ላቧን በመዳፋቸው ጠርገው መዳፋቸውን አዩት። ሦስት የቀበሩ፣ ሰባት ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ልጅ ሲደክም ያውቃሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን አስከፍቺው» አሉኝ።

ኃይለ ጊዮርጊስ በልማዱ ሰዓት መጣ። በሩ ሥር ቆሞ እንደ ወትሮው ንፋስ አላገኛትም? አለ።

«ጋቢህ ነው ያገኛት» አልኩት።

 በሩን በመሐላችን አድርገን ቆምን። ይዤ የቆየሁት ስድብ ብዙ ነበር፤ ቄስነቱን፣ ውሸቱን፣ ደጀ ሰላም ላይ አለበስኩት ያለውን ድኻ ሁሉ ላነሣበት አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ድምፁ የለመድኩት ድምፅ አልነበረም።

«ዛሪማ መስኮቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ብትለምኚኝም የከፈተው የኔ እጅ ነው። ከፍቼ ወደ ቅዳሴ ሄድኩ። በማግስቱ ሞተች። በዚህ እጅ የሰው ልጅ አጠምቃለሁ፤ የራሴን ልጅ ግን ንፋስ ያስመታኋት በዚሁ እጅ ነው። እዚህ ደግሞ አራት ቀዳዳ ከፈትሽ፤ እሺ አልኩሽ፤ እንቅልፍ ግን ከዓይኔ ጠፋ።»

 ስንት ዓመት ሙሉ ረሳት ያልኩት ሰው! መስኮቱን መክፈቱን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን እሱም እንደሚያውቅ ነበር የመሰለኝ። ለካ ማንም አልነገረውም። እሱ ዝም ሲል እኔም በእልህ ዝም ብዬ፣ ልጃችንን በየራሳችን ስንቀብራት ኖረናል።

ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። «ስማኝ» አልኩት። «መስኮቱን ከፍተህ የሄድህ ጊዜ ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። ጡቴን ይዛ እስክትጠግብ ጠባች። ከተወለደች ጀምሮ ጠግባ የጠባችው ያን ቀን ብቻ ነው። አንተ ቅዳሴ ላይ ነበርህ፣ አላየህም። ማታውን ሴቶቹ መጥተው መስኮቱን መልሰው በጭቃ መረጉት። የሞተችው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ደስ ያላት፣ አንተ በከፈትህላት ነው።»

እርምጃው ከበሩ ሲርቅ ሰማሁ። ሄደ ብዬ ነበር። ኋላ መሰላሉ ግድግዳውን ፋቀ። በቀሐ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቀዳዳ ተከፈተና ጨርቁ ሲሳብ አቧራ ወደ ቤት ወረደ። ሁለተኛውም ተከፈተ። የፀሐይዋ ክር ማዶ ግድግዳው ላይ ተመልሳ ቆመች። መሰላሉ በጓሮ ዞረ፤ በማዶ በኩል ያሉት ሁለቱ ሲከፈቱ አናታችን ላይ ተጋድሞ የነበረው ጭስ መሄድ ጀመረ። ወንዙን የሚሸት አየር ገባ። እሜቴ ወለተሩፋኤል ልጄን ወደ ደረታቸው ቢያስጠጓትም መጋረጃውን አልጋረዱም።

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ኃይለ ጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ በነጠላው ቆሟል፤ ትከሻው ላይ የተቀደደው ጋቢ፣ እጁ ላይ ደግሞ ያልተለኮሰ ጧፍ አለ። ስለ ጧፉ ፈተና ከእናቱ ሰምቶ ኖሯል። እናቱ ተነሥተው መንገዱን ዘጉ።

«ልጄ፣ ነገ ሆሣዕና ነው» አሉት። «በዓሉ ያንተ ነው፤ የፋሲካው ቅዳሴም ያንተ ነው።»

«አውቃለሁ እናቴ» አለና ደጃፉን ተሻግሮ ገባ።

ጧፉን ከአጥሚቱ እሳት ለኮሰ። ልጄን አልጋው ላይ አስተኛኋት። ጎንበስ ብሎ ጧፉን ከፊቷ አጠገብ ያዘው፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በመጀመሪያ ነበልባሉ ተወዛወዘ። እጄን እጁ ላይ አደረግሁ። ነበልባሉ ቆመ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በአናታችን ላይ ግን የጧፉ ጭስ ወደ ማዶ ይሄዳል። እሱ ያን ጭስ ተከትሎ ቀና አለ፤ ከዚያ ወደ ታች ተመለሰና ልጁን አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ያን ጊዜ ነው። በአፍንጫዋ ያቺን ትመስላለች አለ። አዎ ትመስላለች አልኩት። ሁለታችንም ያለቀስነው እዚያ ላይ ነው፤ እሜቴ ወለተሩፋኤል ፊታቸውን ወደ ምድጃው አዙረው እሳቱን ቆሰቆሱ።

በማግስቱ ሆሣዕናን ሌላ ካህን መራ። ሰሙነ ሕማማቱንም፣ ፋሲካውንም እንዲሁ። ሰፈሩ ቄሱ አራስ ቤት ገባ፣ ሚስቱ አስገባችው እያለ አወራ፤ አያ ፋንታሁን ደግሞ ሣር ላይ ቆርቆሮ ከለበሰ ቤት ሌላ ምን ይጠበቃል ማለቱን ሰማሁ።  እሜቴ ወለተሩፋኤል አራት ቦታ የተቀደደውን የኃይለ ጊዮርጊስን ጋቢ በቁልቁል በአግድም ሰፍተው ሰጡት፤ ስፌቱ ከሩቅ ይታያል። የፋሲካ ዕለት እሱን ለብሶ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ቆሞ አስቀደሰ።

ሲመለስ በሩን አላንኳኳም፤ አሁን ገብቶ ነው የሚያናግረኝ፣ እስከ ክርስትናዋ ድረስ የሚያጣው ሌላ ነገር የለውም። ልጄን ታቅፌ በቀሐ በኩል ካለው ቀዳዳ ሥር እመላለስ ነበር። ስለ ንፋስ አልጠየቀኝም።

«ጠባች?» አለ።

«ጠባች» አልኩትና፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ቁጭ አልኩ።